ሁለቴ የተመረመሩት እትዬ ከዲጃ

ማዕዛዬ፣

እናንተ አዲስ አበባ ሹራብ ደርባችሁ ስትንቀጠቀጡ፣ እኔ ሸዋ ሮቢት ጤና ጣቢያ እየቀለጥኩ እስቃለሁ። ከመንትዮቹ ጥናት ስሜን የፋቀው አለቃችን፣ «ውጤታቸው ፍጹም አንድ ነው፤ የጡት ካንሰር የዘር እንጂ የኑሮ ጉዳይ አይደለም» ብሎ ሲፎክር ትዝ ይልሻል?

ዛሬ በጥናቱ የነበሩትን፣ ቀወት የሚኖሩትን እትዬ ከዲጃን መርምሬ ሸኘሁና ደብረ ሲና ያገቡትን መንታቸውን እትዬ ናፊሳን ጠራሁ። ሻሽ ቀይረው ገቡ፤ ደረታቸው ላይ ግን ያው ቅድም ያየሁት የእሳት ጠባሳ!

«እትዬ ከዲጃ፣ አሁን አልወጡም እንዴ?»

«እሷ አፍራ ነው ልጄ። ያው አንድ ነን፤ እኔኑ ድገሚኝ። ያ አለቃሽ እንኳ ሁለቴ መርምሮኝ፣ ወላሂ፣ አላወቀኝም!»

እትዬ ናፊሳን ለምኜ አስገባሁ፤ ሁለቱም ደህና ናቸው።

ለእናትሽ ሰላም በይልኝ። ይህን ፖስትካርድ ያለ ፖስታ ወደ ቢሮ የላክሁት፣ አለቃችን ስሜን እስኪመልስ ድረስ ከዘበኛው እስከ መዝገብ ቤቱ ሁሉም አንብቦ እንዲስቅበት ነው።

ፍሬሕይወት