በክፍሌ ውስጥ ተገኙ ስለተባሉት ሁለት ሰዎች

ለተከበሩ የኦንላይን ፈተና ሥነ ምግባር ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ባሉበት።

የተከበሩ ዶክተር፦

አላህ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ሙሉ ጤና ይስጥልኝ። ለኮሚቴዎ አባላትም እንዲሁ፤ ፈተና ሲጠብቅ ዓይኑን ለማይጨፍነው ሲስተማችሁም፣ ጤና የሚባል ነገር ካለው፣ ከልቤ እመኝለታለሁ። እኔ ሐይቅ ከተማ ከእህቴ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቼ የምኖር፣ በዩኒቨርሲቲዎ የሥነ ምግብ ትምህርት የሦስተኛ ዓመት የኦንላይን ተማሪ ነኝ። የእርስዎንም የዩኒቨርሲቲውንም ስም እዚህ ያልጠቀስሁት በአክብሮት ነው። ደብዳቤውን ለሁሉም ሰው ግልጽ ያደረግሁት ደግሞ የላካችሁልኝ ኢሜይል ከግርጌው «ወደዚህ አድራሻ መልስ አይላክም» ስለሚል ነው። መቼም ታዛዥ ተማሪ ነኝና ወደዚያ አልላክሁም።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ባለፈው ወር እርስዎ ያስተማሩንን ትምህርት ማጠቃለያ ፈተና ከላፕቶፔ ካሜራ ፊት ብቻዬን ተቀምጬ ተፈተንሁ። ከዐሥር ቀን በኋላ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ክስ ደረሰኝ። ሲስተሙ በክፍሌ ውስጥ ከእኔ ሌላ «ቢያንስ ሁለት ሰዎች» ሲናገሩ ሰምቷል። ከንፈሬ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ጊዜ ተንቀሳቅሷል፤ ጭንቅላቴም ስድሳ አንድ ጊዜ ከካሜራው ዕይታ ወጥቷል። ስለዚህ ሐሙስ በቪዲዮ ቀርቤ በእንግሊዝኛ ብቻ መልስ እንድሰጥ፣ ከዚያ በፊትም የሁለቱን ሰዎች ሙሉ ስም ቅጽ ላይ እንድሞላ ታዝዣለሁ። ካልሞላሁ እሰናበታለሁ፤ ሐሰት ከሞላሁም እሰናበታለሁ። ምርጫ ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ።

ዶክተር፣ እፈራለሁ። ሌላውን ሁሉ እንደ ደንቡ አሽሞንሙኜ እጽፈዋለሁ፤ ይህን ግን እንደዚሁ ይቀበሉኝ። ክሱ ከደረሰኝ ጀምሮ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ትራስ ሥር እከተዋለሁ፤ እህልም አይወርድልኝም። አሁን ቅሬታዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ከንፈሬ። የተወለድሁት አምባሰል፣ ከውጫሌ አንድ ሰዓት በእግር የሚያስኬድ መንደር ነው። ማንበብ የተማርሁት ሸህ ሙነወር ዘንድ ቁርአን ስቀራ ነው። እሳቸው ዘንድ ድምፅ ያላወጣ ልጅ አልቀራም፤ የእንጨት ሰሌዳውን፣ ሉሁን፣ ታቅፎ ተኝቷል ማለት ነው። ድምፃችን ረገብ ሲል አለንጋቸው ብድግ ይል ነበር። ስለዚህ ሁላችንም ጮክ ብለን፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወዛወዝን ቀራን። ዛሬም ባጃጅ ላይ የተለጠፈ ጥቅስ እንኳ ሳነብ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። ስድሳ አንድ ጊዜ የጠፋው ጭንቅላቴም ሲወዛወዝ ነበር እንጂ የትም አልሄደም። ሲስተማችሁ የሰው ልጅ ሁሉ አፉን ገጥሞ እንደሚያነብ በማመኑ፣ ለዚህ የሰለጠነ እምነቱ ምስጋናዬ ይድረሰው።

ሁለተኛ፣ ስለ ቋንቋው። ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። ከዚያ በአማርኛ ለራሴ አስረዳዋለሁ። ሲጨንቀኝ ደግሞ ሸሃችን ያስተማሩኝን ዱዓ በዐረብኛ እላለሁ፤ በዚያ ፈተና ብዙ ጊዜ ጨንቆኛል። ሲስተሙም ሦስት ቋንቋ ሰማና ሦስት ሰው ቆጠረ። በሐይቅ ገበያ አንዲት ሴት ከባቲ ለመጣው ገዥ በኦሮምኛ፣ ለጎረቤቷ በአማርኛ ዋጋ ተናግራ፣ በዐረብኛ አላህን አመስግና ወደ ቤቷ ትገባለች። ሲስተማችሁ እሷን ቢያገኝ መላ ቤተሰቧን ነበር የሚያሰናብተው።

አማርኛውን ከየት እንዳመጣሁት ግን ልናገር፤ ውለታ መርሳት ነውር ነው። መመሪያው የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ብቻ ነው ይላል። በተቀረጸው ትምህርትዎ እርስዎም ስለ ምግብ እጥረት ስምንት ደቂቃ በእንግሊዝኛ ካስተማሩ በኋላ፣ ምናልባት ካሜራውን ረስተው፣ ድምፅዎን ዝቅ ያደርጉና «ይኸውላችሁ፣ የልጁ እግርና ፊት ያብጣል፣ ክንዱ ግን ይመነምናል፤ እናቱ ወፈረልኝ ብላ ትደሰታለች፣ እንዳትደሰት ንገሯት» ይላሉ። የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እንደ ቁርአን ቤት ልማዴ ቃል በቃል፣ ከነዜማው፣ ከነሳልዎ ያዝሁት። ጥያቄው ሲመጣም እንደያዝሁት አልሁት።

ሦስተኛ፣ ስለ ቅጹ። ሁለቱ ሳጥኖች ቀይ ኮከብ አላቸው፤ ባዶ አይቀበሉም። «ማንም አልነበረም» ብዬ ጻፍሁ፤ ሙሉ ስም አስገቢ ተባልሁ። የራሴን ስም ሁለቴ ጻፍሁ፤ የተማሪዋ ስም አይፈቀድም ተባልሁ። እህቴ ሱንዱስ ዘንድሮ እዚያው ዩኒቨርሲቲዎ ጀምራለች። የፈተናው ዕለት ውጫሌ አባታችን ዘንድ ነበረች። ሳለቅስ አይታኝ «አብሽሪ እታለም፣ የኔን ስም ጣፊና ይብቃሽ፤ እኔ ገና መጀመሬ ነው» አለችኝ። ስሟን ለመጻፍ ጣቴ ሁለት ፊደል ድረስ ሄዶ ነበር፤ ይህንንም ሳልደብቅ እነግርዎታለሁ። አጠፋሁት። ሰውን በገዛ እህቱ ላይ የሚያስጨክን ቅጽ አዘጋጅታችኋልና አደነቅሁ።

ፍርሃቴ ከየት እንደመጣ ላስረዳ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ ዐረብ አገር ሄጄ ሰው ቤት ተቀጠርሁ። የእመቤቲቱ የወርቅ አምባር ጠፋና ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱኝ። መኮንኑ ወረቀት ከፊቴ አኖረ። ፊደሉ የሉሄ ፊደል ነበር። ከድንጋጤዬ የተነሳ ከላይ እስከ ታች ጮክ ብዬ፣ አሳምሬ አነበብሁለት። ከዐሥር ቃል አንዱ እንኳ አልገባኝም፤ መኮንኑ ግን ዐረብኛ ታውቃለች ብሎ ጻፈና ጣቴን ቀለም አስነክሮ አስፈረመኝ። ለካስ በዚያ በሚያምር ድምፄ ያነበብሁት የራሴን የእምነት ቃል ኖሯል። አምስት ወር ታሰርሁ። አምባሩ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ሥር ተገኘ ብለው በአውሮፕላን ሸኙኝ።

ያን ጊዜ ማንበቤ «ገብቷታል» አሰኘኝ፤ ዛሬ ማንበቤ «አጭበርብራለች» አሰኘኝ። ሐሙስ እናንተም እንግሊዝኛ ጽሑፍ ታሳዩኛላችሁ። አንብቢ ትሉኛላችሁ። አነባለሁ፤ ደግሞም አሳምሬ ነው የማነበው። ከዚያ በኋላ አልገባኝም ብል ማን ያምነኛል?

አባቴ አሕመዲን ደግሜ እንዳልሰደድ ፓስፖርቴን ሣጥኑ ውስጥ ቆልፎበታል። ክሱን ስነግረው «ትምርቱ እስካለ ስለ መሄድ የሚያነሳብሽ የለም፤ እሱ ከቀረ ግን ልጄ፣ እኔም ምን አቅም አለኝ» አለኝ። ያኔ ዐረብ አገር የላከኝ ደላላ ወሬውን ከየት እንደሰማ እንጃ፣ በነጋታው ደወለ። እንግዲህ ሐሙስ የምትወስኑት ወደ ዐረብ አገር፣ ወደ ሰው ቤት መመለሴንም ነው። ይህን በአጀንዳችሁ ላይ አላየሁትም፤ ሥራ ስለበዛባችሁ ይሆናል።

የምለምነው ትንሽ ነገር ነው፤ በሚገባኝ ቋንቋ ጠይቁኝ። እርስዎ አማርኛ እንደሚችሉ ምስክር ነኝ።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ኮሚቴዎ ርኅራኄና ስለ ሲስተሙ ሰፊ ጆሮ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ከንፈሬን ለመግጠም በመለማመድ ላይ ያለሁት ተማሪዎ

ኢንሳፍ አሕመዲን
ከሐይቅ

ተጨማሪ፦ ይህን ደብዳቤ ከማውጣቴ በፊት ቅጹን ሞልቼ ልኬዋለሁ። እውነቱን ብቻ እንድጽፍ ስላስጠነቀቃችሁኝ እውነቱን ጻፍሁ። በመጀመሪያው ሳጥን ሸህ ሙነወርን አስገባሁ፤ ዱዓው የእሳቸው ነው፣ ከሞቱ ግን ስምንት ዓመት ሆኗቸዋልና ለመጥራት ትቸገሩ ይሆናል። በሁለተኛው ሳጥን፣ በአማርኛ ሲያስረዳኝ የተሰማውን ሰው፣ የእርስዎን ሙሉ ስም ከነማዕረግዎ ጻፍሁ። ሲስተሙ ምንም ሳያንገራግር ተቀበለው። ሐሙስ እንግዲህ አብረን ነው የምንቀርበው፤ መልስ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ብቻ መሆኑን እንዳይዘነጉ።