እምቢ ያልኩበት ዓመት

ረቡዕ፣ ጳጉሜ 1 ቀን 2009

አለቃዬ አቶ ደረጀ ገና ቢሮ ስገባ ያዙኝ። «ዓርብ የዓመቱ መዝጊያ ላይ የምትናገሪው አንቺ ነሽ። በዚህ ዓመት ከራስሽ ሕይወት የተማርሽውን፤ ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ።» ላዩን ቅር ያለኝ መሰልኩ እንጂ ውስጤ ደስ ብሎታል። እስከ ምሳ ይህን ጻፍኩ፦

የርቀት ትምህርቴን ጨረስኩ። (ስንቴ ትቼው ነበር!)
ማልዶ መነሳት ለመድኩ። (ክረምቱ እስኪገባ።)
አለቃ ሲቆጣኝ ሽንት ቤት ገብቼ ማልቀስ ተውኩ።
እምቢ ማለት ተማርኩ።

የመጨረሻዋን አቶ ደረጀ ይወዷታል። ጥር ላይ ከአዲስ አበባ የመጣው አሠልጣኝ «እምቢ ማለት የማይችል ሰው የሌሎች ተላላኪ ሆኖ ያረጃል» ካለን ወዲህ የመሥሪያ ቤቱ ምሳሌ እኔ ነኝ። የሰው ሪፖርት አልጽፍም። ቅዳሜ ቢሮ አልገባም። የአክስቴን ልጅ ሻንጣ ከመናኸሪያ አልቀበልም።

ከሰዓት በኋላ ዘነበች ከቴፒ ተመለሰች። ጠረጴዛችን አንድ ነው። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ታወራለች። «የዓይን ሐኪሞቹ ቴፒ ናቸው። ሰኔ ላይ እዚህ ሚዛን መጥተው የነበሩት። ሞራ የጋረደውን ሁሉ እየገፈፉ ነው፤ ዓርብ ያበቃሉ።» ከዚያ በኋላ አንድ መስመር አልጻፍኩም።

ሰኔ ላይ እማማ ማርታ በሬን አንኳኩተው ነበር። እማማ ማርታ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው፤ የእናቴ ባልንጀራ። እናቴ የሞተች ጊዜ ሐዘኑ እስኪወጣ አጠገቤ ያደሩት እሳቸው ናቸው። አንድ ልጃቸው ወደ ዲማ ወርቅ ፍለጋ ሄዶ እዚያው ቀረ። አማርኛ ብዙም አይሆንላቸውም። እኔ ከእናቴ የወረስኩት ቤንችኛ አለኝና ሐኪም ቤትም ቀበሌም አስተርጓሚያቸው ነበርኩ። ዓይናቸው እየፈዘዘ ሄዶ ሰኔ ላይ ሐኪሞቹ ሲመጡ «ነገ ትወስጂኛለሽ?» አሉኝ።

«አልችልም እማማ፣ ለራሴ ጊዜ ያስፈልገኛል» አልኳቸው።

ሥራ አልነበረኝም። በማግስቱ ፀጉሬን ስሠራ ዋልኩ። ቢሮ ሄጄ ሳወራው ደግሞ አጨበጨቡልኝ።

ሐሙስ፣ ጳጉሜ 2

ትናንት ሄጄ መንገር ነበረብኝ፤ ፈራሁ። ዛሬ ከሥራ ስመለስ በቀጥታ እሳቸው ቤት ገባሁ። ጎደሬ እየላጡ ነበር፣ ያልተላጠውን በጣት እየዳሰሱ። አውራ ጣታቸው ላይ የቢላ ጭረት አለ። አንድ አይደለም።

ድሮ በቀን ስንቴ ይመጡ ነበር! መርፌዬ ውስጥ ክር አስገቢልኝ። የልጄን ስልክ ምቺልኝ። ይሄ ጨው ነው ስኳር? ከሰኔ ወዲህ ግን አንድም ቀን አልመጡም። እኔ ሞኟ ጊዜዬን ማክበር ጀመሩ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ኮረሪማ ሲደርቅላቸው በሬ ላይ ማስቀመጥ አልተዉም።

«ነገ ቴፒ እንሂድ፣ ለዓይንዎ» አልኩ።

«ተይው ልጄ። ለራስሽ ጊዜ ያስፈልግሻል።»

ሽሙጥ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሽሙጥ አይደለም፤ ከልባቸው ነው፤ ያልኳቸውን እንደ ሕግ ይዘውታል። «ሰው ማስቸገር ትቻለሁ» አሉኝ፣ ኮራ ብለው። ለመንኳቸው። ጭራሽ «ራትሽ እንዳይቀዘቅዝ፣ ሂጂ» ብለው አስወጡኝ።

እኔ እምቢ ማለት ስማር እሳቸው አለመጠየቅ ተምረዋል። ማን እንዳስተማራቸው አቶ ደረጀ ቢሰሙ ያጨበጭቡ ይሆን? ራቴን አልበላሁም። ምን ብዬ እንደማሳምናቸው እያሰብኩ ነው።

ዓርብ፣ ጳጉሜ 3፣ ሩፋኤል፣ ቴፒ

ተሳካልኝ! ገና ሳይነጋ ዣንጥላዬን ይዤ በራቸው ላይ ቆምኩ። «እማማ፣ ቴፒ ጉዳይ አለኝ። ብቻዬን መሄድ ፈራሁ። አብረውኝ ይሂዱ።»

«ብቻሽንማ አትሄጂም!» ብለው ነጠላቸውን ፈለጉ።

ሚኒባሱ ውስጥ ገባቸው። «አታለልሽኝ» አሉ። ግን ሳቁ። የሩፋኤል ዝናብ መንገዱን ሁሉ ይዘንብ ነበር። እሳቸው ጴንጤ ናቸው፣ የሩፋኤልን ዝናብ ጠበል አይሉም። እኔ ግን በመስኮት እጄን አውጥቼ አረጠብኩና ዓይናቸውን ዳበስኳቸው። አልከለከሉኝም።

ሰልፉ ረጅም ነበር። ከጎናችን ከማሻ የመጡ ሽማግሌ ከልጃቸው ጋር፣ ከወዲያ ደግሞ አማቷን የያዘች ነፍሰ ጡር። ሁሉም የሚይዘው ሰው አለው።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ፈጣን ፈጣን ታወራለች። ግራ ዓይናቸውን አየች፣ ቀኙን አየች፣ እንደገና ቀኙን አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ግራውን ዛሬ እንሠራዋለን። ቀኙ አልቋል። ሞራው በጣም ቆይቶ የዓይን ግፊቱ ነርቩን ገድሎታል። ሰኔ ላይ ሚዛን ነበርን እኮ! ያኔ ብትመጣ ይተርፍ ነበር። ለምን አላመጣሻትም?»

እማማ ማርታ እጄን ሳብ አደረጉኝ። «ምን አለች?»

«ግራውን እንሠራለን፣ ቀኙ ግን አይሆንም አለች።»

ይህን ብቻ ተረጎምኩ። ከእሷ አፍ የወጣው ግን ከዚያ ይረዝማል፤ እሳቸውም ጠርጥረው መሰለኝ ትንሽ ጠበቁ። «ይሁን። አንድ ይበቃል» አሉ። ሐኪሟንም በአማርኛቸው «እግዜር ይስጥሽ» አሏት። እኔን ቀጥሎ አመሰገኑኝ። መሬት ብትውጠኝ ምን አለ።

አሁን ተሠርተው ወጥተዋል። በረንዳው ላይ ዓይናቸው የታሸገ ሰዎች ተደርድረው ተኝተዋል፣ እማማ ጭኔን ተንተርሰው። አቶ ደረጀ ደጋግመው ደውለው ነበር፤ አላነሳሁም።

ቅዳሜ፣ ጳጉሜ 4

ጠዋት ፋሻው ተነሳ። መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው። አፍጥጠው፣ አፍጥጠው «ከስተሻል» አሉኝ።

አለቀስኩ። ሐኪሟ ከደስታ መስሏት ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

መንገዱን ሁሉ ሲያዩ መጡ። ሙዝ ሲያዩ ሙዝ ይላሉ፣ ቡናው ጥላ ስር ቀላ ቀላ ያለውን ሲያዩ «ዘንድሮ ቶሎ ይደርሳል» ይላሉ። ከቀኝ በኩል የሆነውን ለማየት ግን አንገታቸውን ሙሉ ያዞራሉ። ከመናኸሪያ በያዝነው ባጃጅ ውስጥ ሆን ብዬ በግራቸው ተቀመጥኩ። ቤት ስንገባ ጣሪያቸውን ቀና ብለው አይተው «ይሄን ሁሉ ጥቀርሻ ተሸክሜ ነው የኖርኩት?» ብለው መጥረጊያ ሊያነሱ ሲሉ ቀማኋቸው። በሬ ላይ ያለውን ዝገት ሳይቀር አዩብኝ።

ለአቶ ደረጀ ደወልኩ፣ ይቅርታ ለመጠየቅ። «እምቢ ማለት ጥሩ ነው ብለን አስተማርንሽ፣ በራሳችን ላይ ዞረብን» አሉ። ዘነበች ተናግራልኛለች፣ ስለ ጓሮ አትክልት። ለእኔ ከተጨበጨበልኝ የበለጠ ተጨብጭቦላታል አሉ።

ሐኪሟ ያለችኝን ለእማማ አልነገርኳቸውም። ዛሬ ደስ ብሏቸዋል፣ ደስታቸውን ለምን ላበላሽ እላለሁ። ውሸቴን ነው። የፈራሁት ለእሳቸው ደስታ አይደለም፤ ዳግመኛ በሬን እንዳያንኳኩ ነው።

እሑድ፣ ጳጉሜ 5

ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጠበቅኳቸው። ጠብታውን ዓይናቸው ውስጥ ካደረግኩ በኋላ ነገርኳቸው፣ በቤንችኛ፣ ምንም ሳላስቀር። ሐኪሟ ያለችውን። ሰኔ ላይ ሥራ እንዳልነበረኝ። ፀጉሬን እንኳ ነገርኳቸው።

«ያኔ ቢሆን ሁለቱም?» አሉ።

«እንደዚያ ነው ያለችው።»

በአዲሱ ዓይናቸው ፀጉሬን አዩት። ምነው ባልሠሩላቸው ብዬ ተመኘሁ፤ ይህን መጻፍ ያሳፍራል፣ ግን ተመኝቻለሁ። ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። «ደክሞኛል» ብለው ገቡና በሩን ዘጉት።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ። አሁን ብናዘዝ ዓይን አይመልስ። ምናልባት ለራሴ እንዲቀለኝ ነው የተናገርኩት፣ እሳቸው ላይ ሸክም ጭኜ። እሱም አልቀለለኝም።

ለዓርብ የጻፍኩት ገጽ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። አልቀደድኩትም። እምቢ ማለት አሁንም መጥፎ አይመስለኝም፤ ለአቶ ደረጀ ሪፖርት ነገም እምቢ እላለሁ። ለማን እንደማይባል ነው ያልተማርኩት።

ማታ ድንች ቀቅዬ ወሰድኩላቸው። አልከፈቱም። ክዳን ገጥሜ ደጃፋቸው ላይ ተውኩት።

ሰኞ፣ መስከረም 1 ቀን 2010

ሳህኑ የለም። ወይ እሳቸው አስገብተውታል፣ ወይ የሰፈሩ ውሻ አዲስ ዓመቱን በድንች ተቀብሏል።

ሕፃናት አበባ ሥለው መጡ፣ ተቀበልኳቸው። እንኳን አደረሰዎ ልበል ብዬ እስከ እማማ ደጅ ሄጄ ተመለስኩ። ደግሞ ሄጄ ተመለስኩ። አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ዶሮዬን እንኳ አልነካሁም።

አንኳኩ። የእማማን ማንኳኳት አውቀዋለሁ፣ በጣት ሳይሆን በመዳፍ ነው።

ከፈትኩ። በአንድ እጃቸው መርፌ፣ በሌላው ጥቁር ክር። እንኳን አደረሰሽ የለ፣ ምን የለ።

«አስገቢልኝ።»

የበሬን ዝገት ያየ ዓይን የመርፌ ቀዳዳ ማየት ያቅተው እንደሆነ አላውቅም። አልጠየቅኩም። ክሩ አልገባ አለ። በምራቄ አረጠብኩት፣ አሁንም አልገባም። «ቀስ በይ፣ የሚያጣድፍሽ የለም» አሉ። በሦስተኛው ገባ። መርፌውን ተቀበሉኝና በመስኮት ብርሃን አዩት።

«ጥቅምት ላይ ተመለሺ ብላለች ሐኪሟ» አሉ። «ትወስጂኛለሽ?»

ሳይጨርሱ እሺ አልኩ።

ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም። ድንቹ ጨው በዝቶበታል አሉ። አሁን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የቀሚሳቸውን ጠርዝ እየዘመዘሙ ነው፤ ከዚህ ይታዩኛል። ጠርዙ ረጅም ነው፣ የሰጡኝ ክር ደግሞ አጭር ነበር። ዛሬ ደግመው ሳይመጡ አይቀሩም።