ላምባ የነካ እጅ

ለተከበሩ አባቴ ለአቶ ተክለሃይማኖት፣

እንደምን ሰነበቱልኝ አባባ? እንኳን ለአዲሱ ዓመት፣ እንኳን ለመስቀሉ አደረሰዎት። የአሰብ ሙቀት በረድ አለልዎ ወይስ አሁንም አልጋዎን ደጅ አውጥተው ነው የሚተኙት? ወገብዎስ እንዴት ነው? ባለፈው ደብዳቤዎ ዓይንዎን ብየዳ እንደነካዎ ጽፈው ነበርና እናቴ እስካሁን ታወራዋለች። መነጽር ሰጡዎት ወይ? እኛ ከወንድሜ ከዓምሃ ክንድና ከእኔ ሆድ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። የዓምሃን ክንድ ወጌሻ አሽቶት እየዳነ ነው። የእኔ ሆድ ግን በሽታ የለበትም፤ የደበቅሁት ነገር ነው የሚቆርጠኝ።

እንደሚያውቁት ሁልጊዜ እናቴ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ከመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀቷን ከተቀበለች ወዲህ ደግሞ የጻፍኩትን ፊደል ሁሉ በጣቷ እየተከተለች ታነበዋለች። የእርስዎ መልስ ሲመጣም ለጎረቤቱ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የምታነበው እሷ ናት። ይህኛውን ግን አላየችውም። ሲመልሱልኝ ይህን ያስቡልኝ።

ነገሩ ስለ ሞተርዎ ነው። ጓሮ በሸራ ሸፍነው የተዉት ባለ ሦስት እግሩ የጣሊያን ሞተር ከሐምሌ ጀምሮ ደጅ ወጥቷል። ሽሮ ሜዳ ያሉት ሸማኔው ጋሽ ሾዴ ጋቢና ነጠላቸውን መርካቶ የሚያደርስላቸው ሰው ሲፈልጉ፣ ዓምሃ «እኔ አለሁ፣ የአባባ ሞተር አለ» አላቸው። እናቴ መጀመሪያ እምቢ ብላ ነበር። በኋላ ግን አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ከሚውል ይሥራበት ብላ ፈቀደች። ሞተሩ በሦስተኛው ቀን ተነሣ፤ ሰፈሩ ሁሉ አጨበጨበ። ፍሬን ግን የለውም። ፔዳሉን መርገጥ ጭቃ እንደ መርገጥ ነበር፣ ዝም ብሎ ይሰምጣል።

ጎረቤታችን ጋሽ መሸሻ መጡ። አሁን ጡረታ ወጥተዋል፤ ቢሆንም ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የጠገኑ ሰው ስለሆኑ ማንም ሌላ አልተፈለገም። የፍሬኑን ማስተር ፈቱት፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን እየገፋ ወደ ጎማዎቹ የሚልከውን ያን ብረት ማለቴ ነው። ውስጡ ዝጓል። በቀዳዳው ውስጥ የሚመላለሱት ሁለቱ ትናንሽ የጎማ ቆቦችም ጠርዛቸው ተበልቷል። እርስዎ ከዕቃ ሣጥኑ ሥር፣ በሻይ ቆርቆሮ ውስጥ፣ ለሕፃን በሚነሰነሰው የታልክ ዱቄት ቀብረው ያስቀመጧቸውን አራት አዳዲስ ቆቦች ዓምሃ አገኛቸው። ጋሽ መሸሻ ሁለቱን ወሰዱና ከብረቱ ጋር በላምባ አጠቧቸው። የፍሬን ዘይት ከፒያሳ እስከ መርካቶ ጠፍቶ ስለነበር የሞተር ዘይት በላምባ አቅጥነው ሞሉት። «ዘይት ዘይት ነው» አሉ። ላምባው ደግሞ ከቤታቸው ያመጡት፣ ግማሽ ቀን ተሰልፈው ያገኙት ነው። ይህን የምነግርዎ እንዳይቀየሟቸው ብዬ ነው።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ አይ ነበር። ላምባው ሲሸተኝ ልቤን አንድ ነገር ነካው። ትዝ ይልዎት እንደሆነ፣ ትንሽ ልጅ ሳለሁ ያቺን ቆብ ወደ ቀዳዳው የማስገባልዎ እኔ ነበርኩ፤ የእርስዎ ጣት አይገባም ነበርና። የፋኖሱን ብርጭቆ የምወለውለውም፣ ላምባውን የምሞላውም እኔ ነበርኩ። እርስዎም ቆቧን ከመስጠትዎ በፊት «እጅሽን አምጪ» ይሉና መዳፌን ወደ አፍንጫዎ አስጠግተው ያሸቱታል። አንዳንድ ቀን «ሂጂ ታጠቢ» ይሉኛል። አንዳንድ ቀን መዳፌን ይስሙና ቆቧን ያስይዙኛል። እኔ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ይህ ሁሉ ትዝ አለኝ። ግን ምን ብዬ ልናገር? ለጋሽ መሸሻ «አባቴ እጄን ያሸት ነበር» ይባላል? ወደ ማድ ቤት ተመለስኩ።

ሦስት ቀን ፍሬኑ እንደ አዲስ ሆነ። በአራተኛው ቀን ዓምሃ ሞተሩ እንደታሰረ በሬ ከበደኝ፣ ጎማውም እንደ ምጣድ ይፋጃል እያለ መጣ። በማግስቱ ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ቁልቁል ሲወርድ ፍሬኑን ረገጠው፤ ያዘ። እግሩን ሲያነሣ ግን አልለቀቀም፣ እንዲያውም እየጠበቀ ሄደ። አንደኛው ጎማ ቀድሞ ቆመና ሞተሩ ዞሮ ቦይ ውስጥ ተገለበጠ። ዓምሃ ክንዱን ተጎዳ። የጋሽ ሾዴ ነጠላ ሁሉ የክረምት ጭቃ ጠጣ። እናቴ ሁለት ቀን ስታጥበው ሰነበተች፣ ጥለቱ ግን እንደ ድሮው አልሆነም።

አባባ፣ ከዚያ ወዲህ የምሰማው ሁሉ ተደበላልቆብኛል። ዓምሃ ብረቱ አርጅቶ ነው ይላል። እናቴ ያጨበጨበው ሰው ዓይን ነው ትላለች። ጋሽ ሾዴ ባለቤቱ ሳይኖር የተነካ ዕቃ እንዲህ ያደርጋል አሉ፤ ይህን ብለው ለመስቀል አገራቸው ገቡ። ጋሽ መሸሻ ፍሬኑን የሚመልሰው ሞላ ደክሞ ነው ይላሉ። ሁሉም ሲናገሩ እውነት ይመስለኛል። እኔ የማስበው ግን ከሁሉም ውስጥ የለም።

የዓምሃ ክንድ እስኪሻለው ሞተሩ ቆሞ ሰነበተ። ባለፈው ሳምንት ጋሽ መሸሻ ሲፈቱት ሁለቱ ቆቦች እንደ በቆልት ባቄላ አብጠዋል። «ቆይተው የተበላሹ ናቸው» አሉና የቀሩትን ሁለቱን ጠየቁ፤ በላምባ ውስጥ አድረው ታልኩን ይልቀቁ አሉ። የዚያን ዕለት ቆርቆሮውን ወስጄ ጤፍ ጆንያ ውስጥ ደበቅሁት። በአዲስ አበባ እንደነሱ ያለ ሌላ ቆብ እንደሌለ አውቃለሁ።

ቤቱ ሁሉ ፈለገ። እናቴ ዓምሃን «ሸጥከው እንዴ?» አለችው። እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔ እዚያው ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር፤ ዕንባዬን በሽንኩርቱ አሳበብኩ። ይባስ ብሎ ጋሽ መሸሻ ቆቦቹ ካልተገኙ ያበጡትን ጠርዛቸውን በምላጭ ቆርጬ እመልሳቸዋለሁ አሉ። እናቴ ደግሞ ዓምሃ ከቦዩ በሕይወት ስለወጣላት ለእንጦጦ ማርያም ጃንጥላ ተስላለች። መስከረም ሃያ አንድ በዚያው ሞተር ከኋላ ተጭና ልትወጣ ነው። መውጣቱስ ይሁን፣ መውረዱስ? ቆቦቹን ብሰጥ በላምባ ያበላሿቸዋል፤ ባልሰጥ በምላጭ የተቆረጠ ፍሬን ላይ እናቴ ትቀመጣለች። የእርስዎ መልስ ደግሞ ከሃያ አንድ በፊት አይደርስልኝም። ምን ላድርግ አባባ?

እስከዚህ የጻፍኩት መስከረም አሥራ ሦስት ቀን ነው። ደብዳቤያችንን የሚያደርስልን የአሰቡ ሾፌር ጉዞው ስለዘገየ ደብዳቤው እጄ ላይ ቆየ። አሁን የሆነውን ልጨምርልዎ።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ መሸሻ ምላጭ ይዘው ግቢያችን በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ምላጩን ከወረቀቱ ሲያወጡት ሳይ እግሬ ራሱ ወደ ጆንያው ወሰደኝ። ቆርቆሮውን አምጥቼ ከፊታቸው መሬት ላይ አኖርኩና «ላምባ አይንካቸው» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። ዓምሃ ብድግ ብሎ «አንቺ ነሽ? እናቴ ሌባ ስታደርገኝ እዚያው ተቀምጠሽ ሽንኩርት ትልጫለሽ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ጋሽ መሸሻ ግን ሳቁ። «ይህች ልጅ ድምፅ አላት እንዴ? ሰባት ዓመት ጎረቤቷ ሆኜ ዛሬ ገና መስማቴ ነው» አሉ። ከዚያ ለምን እንደማይነካቸው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው። «እንግዲያ ማን ነገረሽ?» አሉ። «አባቴ ቆቧን ሳይሰጠኝ በፊት እጄን ያሸት ነበር» አልኩ።

ዓምሃ «እንግዲህ ፍሬን በአፍንጫ ይሠራል ማለት ነው» ብሎ እናቴን አሳቃት። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ጋሽ መሸሻ ግን አሁን አልሳቁም። «አሽቶ ምን ይላል?» አሉኝ። ላምባ ከሸተተኝ ታጠቢ ይለኛል አልኳቸው። ከዚያ ተክሌ ምን ዓይነት ዘይት ይሞላ እንደነበር ጠየቁኝ። ከሣጥኑ ውስጥ አፉ በሰም የታሸገውን ጠርሙስ አወጣሁላቸው። ዓምሃ የሆድ መድኃኒት መስሎት ትቶት ነበር።

ከዚያ ያላሰብኩትን አደረጉ። እናቴን ሁለት የሻይ ብርጭቆ ለመኗት። በአንዱ የእሳቸውን የላምባ ቅልቅል፣ በሌላው ከእርስዎ ጠርሙስ ጥቂት ቀዱ። መጀመሪያ ከማስተሩ የወጡትን ሁለቱን የተበሉ ቆቦች አንድ አንድ ጨመሩባቸውና መስኮቱ ላይ አስቀመጧቸው። «እስከ መስቀል ማንም እንዳይነካ። እኔ ልክ ከሆንኩ ይህች ልጅ የዓምሃን እግር ታጥባለች፤ እሷ ልክ ከሆነች እኔ ጥፋቴን እውጣለሁ» አሉ። እናቴ «ብርጭቆዬንስ ማን ይውጥልኝ?» አለች።

ሦስት ቀን እንዴት እንዳለፈ አልነግርዎትም። ጋሽ መሸሻ በወጡ በገቡ ቁጥር መስኮቱን ያያሉ። እኔ አላይም ነበር፤ ሳላይ ቀርቼ ደግሞ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። የመስቀል ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነጠላቸውን እንደለበሱ ሁለቱን ቆቦች አወጡ። ላምባ ውስጥ የከረመችው ብረቱ አፍ ላይ ቆማ አልገባም አለች። የእርስዎ ዘይት ውስጥ የነበረችው ሸርተት ብላ ገባች። ጋሽ መሸሻ «ተክሌ ይህን እያወቀ እንዴት አንድ ቀን አልነገረኝም?» አሉ። እናቴም «መቼ ጠይቀውት ያውቃሉ?» አለቻቸው። እኔ እንደዚያ ማለት አልችልም ነበር። ግን ለእኔም የተባለ መሰለኝ፤ እኔም ጠይቄዎ አላውቅምና።

በማግስቱ የላምባውን ቅልቅል አፍስሰው ብረቱን በላምባ ሳይሆን በሙቅ ውሃና በሳሙና አጠቡት፣ ፀሐይ ላይም አደረቁት። ቀድሞ በእንጨት ገፍተው ነበር፤ አሁን ግን ጠርዛቸው እንዳይጎዳ ሁለቱን አዳዲስ ቆቦች በጣት ለማስገባት ጋሽ መሸሻ ሞከሩ፣ ዓምሃም ሞከረ፣ ጣታቸው አልሆነም። ያኔ ጋሽ መሸሻ ወደ እኔ ዞሩና «እጅሽን አምጪ» አሉኝ። መዳፌን ይዘው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና አሸተቱት። «ንጹሕ ነው» ብለው ቆቧን ሰጡኝ። ዕንባዬ መጣና ቀዳዳው ጠፋኝ። ሁሉም በደስታ ነው አሉ። እኔ ግን ደስታ ይሁን ሌላ አላውቅም።

የእርስዎን ዘይት ሞሉበትና ዓምሃ እስከ ሸጎሌ ሄዶ ተመለሰ። ጎማውን በእጄ ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነው። እናቴ ከነገ ወዲያ ጃንጥላዋን ይዛ ትወጣለች። ዓምሃንም ሁላችን ፊት ይቅርታ ጠይቃዋለች። እኔንም ይቅር ብሎኛል፣ ግን «አፍንጫ» የሚል ስም አውጥቶልኛል።

ነገሩ ግን እስካሁን አልገባኝም። ላምባም ይቀባል፣ የእርስዎም ዘይት ይቀባል። አንዱ ጎማን እንዲያ ሲያሳብጥ ሌላው እንዴት ዝም ይለዋል? ጠርሙሱን ሳሸተው ጉሎ ጉሎ ይለኛል፤ መርፌ ሲወጉ ክንድ ላይ የሚቀቡት አልኮልም አለበት። በጠርሙሱ የቀረው ሁለት ጣት ነው። ጋሽ መሸሻ «አባትሽን ጠይቂልን» ብለዋል። ይህን የሚሉ ሰው አልነበሩም። ይህንን ይጻፉልን፤ እናቴ ለሁሉም ታንብበው።

አንድ ሌላ ጥያቄ አለኝ፤ እሱን ግን አይጻፉልኝ። ያኔ እጄን አሽተው መዳፌን ሲስሙት ላምባ ስለሌለበት ነበር ወይስ የእኔ እጅ ስለሆነ? ይህን ሁሉ ዓመት ለእኔ ነው ብዬ ይዤው ኖሬያለሁ። አሁን ለቆቧ እንደነበር ሳውቅ የቱን ልያዝ? ለቆቧ ብቻ ከነበረም አይከፋኝም፤ ዓምሃን ከሌላ ቦይ፣ እናቴን ከእንጦጦ ቁልቁለት አትርፏል። ግን ማወቅ እፈልጋለሁ። ለፈቃድ ሲመጡ፣ ፋኖሱን ሞልቼ እጄን ሳልታጠብ እቀበልዎታለሁ። ያኔ አውቀዋለሁ።

እናቴ ዓይንዎን በቀዝቃዛ ውሃ እየታጠቡ ይሥሩ ትላለች። ዓምሃ በተሻለው ክንዱ እጅ ይነሣል። ትንሿ እህቴ የሺሀረግ አደይ አበባ ላኪልኝ ብላ አንዷን እዚህ ወረቀት ውስጥ አጥፋለች፤ ደርቃ ብትደርስዎ እንኳ ስሟን ይጥሩላት። ጋሽ መሸሻ ሰላም ብለዋል፤ አንድ ጠርሙስ ዘይት የምትሠራበትን ብልሃት ብቻ አትደብቀኝ በይልኝ ብለዋል። አብረውዎት ላሉት የሥራ ጓደኞችዎም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ልጅዎ ጽጌረዳ

ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
መስከረም 19 ቀን 1975 ዓ.ም.