ኮረሪማ ያለበት ጫካ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 15 ቀን 1996 ዓ.ም.

ዛሬ ጋሼ ገብሬ ከቦንጋ ኮረሪማ ይዘውልኝ መጡ። መርካቶ ሱቄ በር ላይ ማዳበሪያውን ሲፈቱት ሽታው ያደግሁበትን ጫካ አመጣብኝ። ከአገሬ ከወጣሁ ወዲህ አላየሁትም።

«ከቤታችን በላይ ያለው ጫካ አለ?» አልኳቸው።

«ግማሹ ለእርሻ ተመንጥሯል። የቀረውን ግን ባለሙያዎች መጥተው ከለሉት። ኮረሪማ ያለ ትልልቅ ዛፍ ጥላ አይበቅልም፤ እሱ ባለበት መጥረቢያ አይገባም አሉ።»

ደስ አለኝ። እኔም እዚህ ጓሮዬ ደጋግሜ ተክዬው ደርቆብኛል።

«ለፋሲካ ይዘውኝ ይሂዱ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ አምናም እንዲሁ ብለሽኝ ነበር» አሉኝ።

ደንበኛ መጣ። ሚዛኔን አነሳሁ።