የአሥራ አራቱ ቤቶች መዝገብ

ይድረስ ቻግኒ ላለችው እህቴ ለቱርኪያ፤

አሰላሙ ዓለይኩም እታለም። እንደምን ከርመሻል? ከወባው ተነሣሽ ወይ? ሦስት ቀን ሙሉ ጥሎሽ እንደ ነበር የሰማነው ከተሻለሽ በኋላ ነው፤ እናታችን ግን አሁንም እንደ ታመምሽ አድርጋ ነው የምትጠይቀው። ጀማልስ እንዴት ነው? ሱቁስ ይዞለታል? ትንሹ ልጅሽ ቆሞ ሄደ ወይስ ገና ይድሃል? ከቆመ ሳላየው በመቆሙ ቅር ይለኛል፤ ካልቆመም አትጨነቂ፣ እኔም የቆምሁት በሁለት ዓመቴ ነው ትላለች እናታችን።

እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። እናታችንን ክረምት ሲገባ እንደ ልማዷ ጉልበቷን ያማታል። ታናሻችን ራሂማ ወደ ሰባተኛ ክፍል ተዛውራለች። እኔም እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ በረንዳዬ ላይ ልብስ እሰፋለሁ። ርብ ዘንድሮም ሞልቶ ሜዳውን ይዞታል፤ በይፋግ በኩል ያለው ሰው ከብቱን ወደ ከፍታው አውጥቷል። ይኸ ለአንቺ አዲስ ነገር አይደለም።

ስምንት ወር ሙሉ ሳልጽፍልሽ ቆየሁ። ተቀይመሻል ሲሉኝ እውነቷን ነው አልሁ። ይህንን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም፤ በርበሬ ሊገዛ ወደ እናንተ አገር በሚመጣው በአህመዲን እጅ ነው የላክሁት። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነ እጽፍልሻለሁ። አንብበሽ ስትጨርሽ ወረቀቱን ምን እንደምታደርጊው ታውቂያለሽ። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር እለምንሻለሁ፤ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና እሱ እንዲገባሽ ከመጀመሪያው ልነሣ።

ባለፈው ኅዳር ከበለሳና ከእብናት በኩል የራበው ሰው ወደ ወረታ ወረደ። መጀመሪያ በቤተሰብ በቤተሰብ ነበር፤ በኋላ መቁጠር ተውን። የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚገናኙበት ጀምሮ ያለው የሱቅ በረንዳ ሁሉ ማደሪያ ሆነ። የእኔዋ በረንዳ እንኳ፣ አንዲት የስፌት መኪናና አንድ ወንበር የምትጠባት፣ ዘጠኝ ሰው ያድርባት ነበር። ጠዋት ስመጣ ጠርገው፣ ውኃ ረጭተው፣ ጥግ ይዘው ይጠብቁኛል። እኔም እነሱ መሀል ጨርቅ ስቆርጥ እውላለሁ።

እናታችን ከእነዚያ መሀል ካሳነሽ የምትባል ሴት ከነልጅዋ ይዛ ወደ ቤት ገባች። ካሳነሽ የበለሳ ሰው ናት፤ ባሏን መንገድ ላይ ቀብራ ነው የመጣች። ልጅቷ ሦስት ዓመቷ ነው። እናታችን ማንንም ሳታማክር፣ አንቺ ሳታገቢ ትተኚበት በነበረው የጓሮ ክፍል አስገባቻቸው። እንግዳ ነው ብለን ነበር፤ ከወር በኋላ ግን ካሳነሽ ከራሂማ ጋር እየተሣሣቀች ውኃ ትቀዳ ነበር።

ጥር ላይ አንዲት ሴት በመስጊዱ አጥር ሥር ሞታ አደረች። እድር የሚቀብረው የተመዘገበ ሰው ነው፤ ቤት የሌለው ሰው ደግሞ አይመዘገብም። የኛ እድር የማን ሰው እንደሆነች አናውቅም አለ። የክርስቲያኑም እድር አንገቷ ላይ ማተብ የለም አለ። ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ ሬሳ አስተኝተን ተከራከርን። የኛ እድር ጸሐፊ እኔ ነኝና መዝገቤን ብብቴ ሥር ይዤ እኔም ተከራከርሁ። በመጨረሻ መሪጌታ ገብረ ኪዳን መጡና፣ እኔ ልቅበራት፣ የናንተ ወገን ከሆነች እናንተ በዱዓችሁ አስቧት ብለው ወሰዷት። ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም ደፍሮ ማየት አቃተው።

በሦስተኛው ቀን ሁለቱ እድሮች በአንድ ድንኳን ተሰበሰቡ። እንዲህ ያለ ነገር በወረታ ሲሆን አይቼ አላውቅም። መሪጌታ ተነሥተው፣ ሰው ሲሞት ድንኳን የምንተክል ሰዎች በሕይወቱ ሳለ ጣራ ብንሠራለት ምን ይጎድልብናል አሉ። ማንም እምቢ አላለም። ለአሥራ አራት ቤተሰብ አሥራ አራት ቤት ልንሠራ ተስማማን።

የቀበሌያችን ሊቀ መንበር አቶ መንግሥቴ በደብረ ታቦር መንገድ፣ የርብ ውኃ የማይደርስበት ከፍ ያለ መሬት ሰጠን። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ይህን አስቀድሜ ልንገርሽ። ከቤቱ ሥራ ይልቅ ያስቸገረን ቀን ማግኘት ነበር። ዓርብ በኛ፣ ቅዳሜና እሑድ በእነሱ፤ የቀበሌ ስብሰባ አለ፣ ገበያ አለ። ባዶ ቀን አገኘን ስንል መሪጌታ ጣታቸውን ቆጥረው ዛሬማ ሚካኤል ነው፣ ዛሬማ ማርያም ናት ይሉናል። የኛ እድር ዳኛ፣ እናንተ የምትሠሩበት ቀን በየትኛው ወር ነው የሚውለው ቢላቸው ሰው ሁሉ ሣቀ። ያን ቀን እኔም ሥቄአለሁ፤ ትዝ ይለኛል።

ግን ተሠራ። ወንዱ ባሕር ዛፍ ተሸከመ፣ ሴቱ ውኃና ጭድ አመጣ። በረንዳ ላይ ያደሩት ሰዎች ራሳቸው ጭቃ ረገጡ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ የሚባለውን በዓይኔ አየሁ። ግድግዳ ልስን ላይ እንደ ካሳነሽ ያለ አልነበረም፤ እጇ ያለፈበት ጭቃ የብርሌ ገላ ይመስላል። በስድስተኛው ቤት ውስጥ አንድ ትልቅ መደብ ሠራች፤ ከጎኑ ደግሞ ለልጅቷ ብላ አንዲት አጭር መደብ።

ዝርዝሩን የጻፍሁት እኔ ነኝ እታለም። የእድርን መዝገብ አሠራር አንቺም ታውቂያለሽ፤ የሚጻፈው የቤቱ ራስ ብቻ ነው። ልጅ በወላጁ ስም ይጠለላል እንጂ ለብቻው አይጻፍም። አባታችን በሕይወት ሳለ እኔም አንቺም መዝገብ ላይ አልነበርንም። እኔም በለመድሁት ጻፍሁ፤ አሥራ አራት ቤት፣ አሥራ አራት ስም። በስድስተኛው ቁጥር ካሳነሽ።

እናታችን ይህንን ስትሰማ ተቆጣች። ከኔ ጣራ ሥር ያደረ ሰው ቤት የለውም አይባልም፣ ፋቃት አለችኝ። እኔ ደግሞ የራሷ ደጃፍ ይኑራት፣ እስከ መቼ ጥገኛ ትሆናለች ብዬ መለስሁላት። ካሳነሽም ወድዳ ነበር። እውነቱን ግን ለአንቺ አልደብቅም፤ የጓሮውን ክፍል ለራሴም ፈልጌው ነበር። ክረምት በረንዳው ላይ ዝናብ እየገባ የሰው ጨርቅ ያበላሽብኛል፤ መኪናዬን እዚያ ላስገባ አስቤ ነበር።

ቤቱ ተከድኖ አለቀ፤ ለበሮቹ ግን ሚስማርና ማጠፊያ ጠፋ። አቶ መንግሥቴ ዝርዝሩን ከማመልከቻ ጋር ወደ ላይ ብንልከው ይሰጡናል አለ። በሦስት ቅጂ ገለበጥሁት። ከራሱ ላይ፣ በወረታ ከተማ መጠለያ የሌላቸው ሰዎች ስም ዝርዝር ብዬ በቁም ጽሕፈት ጻፍሁበት፤ ከሥሩም በማስመሪያ ሁለት መስመር አሰመርሁ። ሰዎቹ ሚያዝያ አሥር ቀን በራቸው ላይ ጆንያ ሰቅለው ገቡ። እኛም ሚስማሩን ስንጠብቅ ቆየን።

ሚስማር ጠየቅን፣ መኪና መጣ። ሚያዝያ ሃያ ሁለት ቀን ጠዋት ሁለት የጭነት መኪና ቀበሌው ፊት ቆመ። ሰዎቹ ስንዴ የሚታደል መስሏቸው ወጡ። ከዚያ ከላይ የመጣው ሰው ዝርዝሬን አውጥቶ ስም ጠራ። ወደ መተከል ለሰፈራ ትሄዳላችሁ፣ ለም መሬት አለ አላቸው። መሪጌታ እነዚህ ሰዎች ቤት አላቸው፣ ቤቱ ያውና ብለው በከዘራቸው አሳዩት። ሰውየው ወደ ቤቶቹ ዞሮ አልተመለከተም። መጠለያ የሌላቸው ይላል ወረቀቱ አለ።

ያን ቀን እናታችን ልጅቷን አዝላ ይፋግ ገበያ ሄዳ ነበር። ካሳነሽ ቤቷን እበት ስትለቀልቅ ነው የተጠራችው፤ እጇን እንኳ አልታጠበችም። የሌሎቹ ልጆች የእናታቸውን ቀሚስ ይዘው አብረው ተጫኑ፤ ማንም አልከለከላቸውም። ካሳነሽ ልጄ ገበያ ናት፣ እስክትመጣ ቆዩኝ አለች። ሰውየው ወረቀቱን አየና በስምሽ የተመዘገበ ልጅ የለም አላት። ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞረች። ሙህዲን፣ ንገራቸው እንጂ አለችኝ።

ነገርኋቸው። ልጅ አላት፣ እኔ አውቃለሁ አልሁ። ሰውየው አልጮኸብኝም፣ አልገፋኝም። ወረቀቱን አቀረበልኝና ጽሕፈቱ የማን ነው አለኝ። የኔ ነው አልሁ። ሌላ አልጨመርሁም። ጠመንጃ የያዙ ነበሩ፤ ግን በጠመንጃው ምክንያት ነው ብዬ አልዋሽሽም፤ ቃል ጠፍቶብኝ ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚሉት እኔን ነው።

ካሳነሽ ከመኪናው ላይ ሆና ማታ ማታ ጆሮዋን ያማታል፣ ጨርቅ አሙቁላት አለችኝ። አላለቀሰችም። መኪናው ወደ ባሕር ዳር መንገድ ሄደ። እናታችን ከይፋግ ስትመለስ ልጅቷ ጀርባዋ ላይ ተኝታ ነበር። የሆነውን ነገርኋት። ልጅቷን ሳታወርድ እበራችን ላይ ብዙ ቆመች፤ ከዚያ ገብታ ራት ሠራች። እስከ ዛሬ አንድ ቀን ወቅሳኝ አታውቅም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ግን እሱንም እርግጠኛ አይደለሁም።

አሁን ልጅቷ ከእኛ ጋር ናት። እናታችን እንደ ተሰጠችኝ ነው የምመልሳት፣ አደራ ጥብቅ ነው ትላለች። እኛ ቤት ሥጋ ሲበላ ለእሷ ከመሪጌታ ቤት ይመጣላታል። የአንገቷ ክር ቢበጠስ እናታችን ራሷ ገበያ ሄዳ ጥቁር ማተብ ገዛችላት፤ ሴቶቹ ሁሉ አሲያ ማተብ ገዛች ብለው አወሩ። ጆሮዋ ድኗል። ስለ እናትዋ አትጠይቅም፤ የጭነት መኪና ድምፅ ስትሰማ ብቻ ወጥታ መንገዱን ታያለች።

በአራቱ ቤት ቀበሌው ማዳበሪያ አስቀምጦበታል። ሁለቱ በዚህ ዝናብ ወድቀዋል፤ ሌሎቹ ባዶ ናቸው። አንድ ቀን ስድስተኛው ውስጥ ገብቼ አጭሯ መደብ ላይ ተቀመጥሁ። ምንም ነገር አልተሰማኝም። ጭቃው በደንብ መድረቁን አየሁና ወጣሁ። ባለፈው ስብሰባ አቶ መንግሥቴ በከተማችን መጠለያ የሌለው ሰው የለም ብሎ ሪፖርት አነበበ። ሲያነብ ቀና አላለም። እውነትም የለም፤ በረንዳዬ ባዶ ነው። የስፌት መኪናዬም እዚያው በረንዳው ላይ ናት፤ የጓሮው ክፍል ውስጥ ላስገባት አልቻልሁም። መዝገቡን ለሌላ ሰው ስጡት ብዬ እድሩን ብለምን እምቢ አሉኝ። መሪጌታ ለደግ ብለህ ነው የጻፍኸው ይሉኛል። ለደግ እንደሆነ አውቃለሁ።

ልመናዬ ይኸ ነው እታለም። አህመዲን እንደሚለው የሰፈራው ሰዎች በእግራቸው እየሄዱ ቻግኒ ገበያ ይወጣሉ። በየገበያው ቀን ወጥተሽ ፈልጊልኝ። ካሳነሽ ረጅም ናት፣ ቀይ ዳማ፤ የግራ እጇ ትንሿ ጣት አትታጠፍም። የበለሳ ሰው እያልሽ ጠይቂ። ካገኘሻት ልጅሽ በሕይወት አለች፣ ጆሮዋም ድኗል በያት። መንገዱ ሲደርቅ አህመዲን ልጅቷን ከእናታችን ጋር ያመጣታል፤ እናታችን በዚያ ጉልበቷ እኔው ነኝ የማደርሳት ብላለች። ካሳነሽ ብትረግመኝ የረገመችኝን ቃል ሳትቀንሺ ጻፊልኝ። ካላገኘሻትም፣ ወይም ሌላ ነገር ከሰማሽ፣ እሱንም ጻፊልኝ። ዝም እንዳትይኝ።

ለጀማል አክብሮቴን ንገሪልኝ፤ የላከው ኮፊያ ልክ ሆኖልኛል። ልጆችሽን በየተራ፣ ትንሹን ሁለት ጊዜ ሳሚልኝ። ለአማትሽ እጅ እነሣለሁ፤ ዓይናቸውን አላህ ያብራላቸው። ቤት ላከራየችሽ ሴትዮም ሳይቀር ሰላም በይልኝ።

ከዚህ ቤት ሰላም የሚሉሽ እናታችን አሲያ፣ ራሂማ፣ እኔ ወንድምሽ ሙህዲን፣ እና ንግሥቲ ናቸው። ልጅቷ ንግሥቲ ነው ስሟ፤ የካሳነሽ ልጅ፣ ዕድሜ ሦስት ዓመት። ወረቀት ላይ ስጽፋት ይኸ የመጀመሪያዬ ነው።

ወረታ
ሐምሌ 19 ቀን 1977 ዓ.ም.