«ደህና ነኝ» በማለቷ ስለተዘጋው የባለቤቴ የዓይን መዝገብ

የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር ዶክተር ተክለብርሃን
የ«ርኅራኄ ለሁሉ» ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች ኅብረት የበላይ ኃላፊ
ጉርድ ሾላ

ጉዳዩ፦ ሳንድን ድናችኋል መባላችንን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ለሐኪሞችዎ፣ ለካርድ ክፍል ሠራተኞችዎ፣ እንዲሁም ከሁላችሁም በላይ ሥልጣን እንዳለው ለተረዳሁት ለሲስተማችሁ የከበረ ሰላምታዬን በትሕትና አቀርባለሁ። በደብዳቤ ወግ ከዚህ ቀጥሎ «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብዬ መጻፍ ይገባኝ ነበር። ነገር ግን ይህችን ዓረፍተ ነገር ከመሥሪያ ቤታችሁ ጋር በዋዛ መለዋወጥ እንደማይገባ በባለቤቴ ዓይን ስለተማርኩ፣ ስለ ራሴ ጤንነት አንድም ቃል ሳልሰጥ ወደ ጉዳዬ ብገባ እንደ ብልግና እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ።

እኔ ገረሱ እባላለሁ። ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ዝቅ ብሎ ባለው መንደር፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ፣ ከባለቤቴ ከወይዘሮ ዳርቱ ጋር እኖራለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ስላገለገልኩ፣ ፋይል መክፈት ምን ያህል ቀላል፣ የተዘጋ ፋይል ማስከፈት ደግሞ ምን ያህል ሙት የማስነሣት ያህል እንደሆነ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ስለዚህ የማቀርባቸውን ነጥቦች እንደ ወቀሳ ሳይሆን ከአንድ የሙያ ባልደረባ እንደተላከ አድናቆት አድርገው ይቀበሉልኝ።

አንደኛ፣ ስለ ስልኩ። ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ረቡዕ ረቡዕ መንደራችን ይተከል በነበረው ድንኳናችሁ ውስጥ አንድ ትሑት ሐኪም ባለቤቴን መርምሮ፣ በሁለቱም ዓይኖቿ ላይ ሞራ እንዳለ፣ በቀላል ቀዶ ሕክምና እንደሚገፈፍ፣ ነገር ግን ባይቆይ እንደሚሻል ነግሮን ለኅዳር 12 ቀጠሮ ሰጠን። በጥቅምት ደግሞ ሩሃማ የምትባል ጨዋ ሠራተኛችሁ ለክትትል ደወለች። ሩሃማ «እናቴ፣ እንዴት ነዎት?» አለች። ዳርቱ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ፤ አንቺስ ልጄ?» አለች። «ዓይንዎስ እንዴት ነው?» ስትባል «ተመስገን ነው፣ ምን ይላል» አለች። «ሕመም አለዎት?» ስትባል «ኧረ የለብኝም! ብቻ እናንተን ጤና ያድርግልን» አለች። ጥሪው አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። ሁለቱ ደቂቃ ስለ ዳርቱ ዓይን ሲሆን የቀረው ዘጠኙ ስለ ሩሃማ ወገብ ነበር። ልጅቱ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ስለምትደውል ወገቧን እንደሚያማት ዳርቱ አወጣጥታ፣ ትራስ ከጀርባዋ እንድታደርግና በየሰዓቱ ተነሥታ እንድትንጎራደድ መክራ፣ መርቃ አሰናበተቻት። በዚያ ጥሪ ሕክምና ያገኘ ሰው ቢኖር ሩሃማ ናት። መዝገባችሁ ላይ ግን «ድናለች» ተብሎ የተጻፈው በዳርቱ ስም ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት እንደሚጠቅሱብኝ አውቃለሁ። ባለቤቴ ግን የደበቀችው ነገር የለም፤ ሰላምታ መለሰች እንጂ። በዚህ አገር ያደገ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሕመም የሚነገረው ሰላምታው ካለቀ በኋላ ነው። ሰላምታው የሚያልቀው ደግሞ ጠያቂው «በሉ ልሂድ» ብሎ ተነሥቶ የበሩን እጀታ ሲይዝ ነው። ያን ጊዜ «ለነገሩ፣ ይቺ ዓይኔ እኮ አታይም» ይባላል። ስልካችሁ ይህን የመሰለ እጀታ ስለሌለው ባለቤቴ የምትናገርበትን ቦታ አጣች። በኦሮምኛ ብትደውሉላት ይሻል ነበር እንዳልል፣ እዚያም ነገሩ ይብሳል፤ «አካም ጂርታ» ላላት ሰው መልሷ «ፈያ» ነው፣ ትርጉሙም ቃል በቃል ጤነኛ ማለት ስለሆነ፣ ሲስተማችሁ ሁለት ጊዜ ድናለች ብሎ ይመዘግባት ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ቀጠሮው። ኅዳር 12 ቀን ባለቤቴ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ሁለት ታክሲ ይዘን ጉርድ ሾላ ደረስን። በሩ ላይ በቁመትዎ ልክ ያቆማችሁትን የእርስዎን ፎቶግራፍ ሰው መስሏት እጅ ነሥታ «እንደምን አደሩ፣ ቤተሰብ ደህና ነው?» አለችው። ሦስት ጊዜ ጠይቃ መልስ ብታጣ «ኩሩ ሰው ነው» ብላ አለፈችው። ካርድ ክፍል ስንደርስ ወጣቱ ሠራተኛ «ሲስተሙ ድነዋል ይላል» አለን። እኔም «ልጄ፣ ይኸው ፊትህ ቆማለች፣ ቀና ብለህ እያት» አልኩት። እሱም ግዴታውን የሚወድ ሰው ስለሆነ እሷን ከማየት ይልቅ ኮምፒውተሩን ደግሞ አይቶ «አዎ፣ ድነዋል» ሲል አረጋገጠልን። እንደገና ታማሚ ለመሆን ከመንደሩ ድንኳን አዲስ ወረቀት ማምጣት እንደሚያስፈልግም በትሕትና አስረዳን። ድንኳኑ የት እንደገባ በአምስተኛው ነጥብ እገልጻለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ጎረቤቴ ስለ ሀሚድ ክንድ። ሀሚድ ባለ ሱቅ ነው። በመስከረም የሱቁን ቆርቆሮ ሲመታ ወድቆ ክንዱ ተሰበረና እናንተ ጋ ጀሶ ገባለት። ሩሃማ ደውላ «እንዴት ነህ?» ስትለው «አልሐምዱሊላህ» አለ። ሌላ ምን ይበል? ጀሶውን ለማስፈታት ሲመጣ ግን ክንዱ ቀደም ብሎ መዳኑ፣ የዳነ ክንድ ላይ ደግሞ ጀሶ ሊኖር እንደማይችል፣ ስለዚህም የያዘው ነገር የሆስፒታሉ ጀሶ አለመሆኑ ተነገረው። ሌላ ክሊኒክ ቢሄድ «የጀመረው ይጨርሰው» አሉት። አምስት ወር ሆነው። ሀሚድ ቀኑን ሙሉ ሱቁ ደጃፍ ስለሚቀመጥና ጀሶውም ነጭና ሰፊ ስለሆነ፣ በአሁኑ ጊዜ የእድራችን ማስታወቂያ የሚወጣው በእሱ ላይ ነው። «እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ስብሰባ ስላለ እንዳትቀሩ» የሚለውን አንብበን ስንጨርስ ክንዱን ያዞርልንና ቀሪውን በጀርባው እናነባለን። ለዚህ የሕዝብ አገልግሎት ምስጋናችን ላቅ ያለ ነው።

አራተኛ፣ ከበበ። ከበበ በመንደራችን ውስጥ አሞት የማያውቅ ብቸኛው ሰው ነው። ሩሃማ ስትደውልለት ቁም ሣጥን ተሸክሞ ዳገቱን እየወጣ ስለነበር «ኧረ ልሞት ነው፣ በኋላ ደውዪ!» ብሎ ዘጋው። በሃያ ደቂቃ ውስጥ አምቡላንስ እየጮኸ መጣ። ቁም ሣጥኑ መንገድ ዳር ተቀምጦ፣ ከበበ በአልጋ ተጭኖ፣ ጉሉኮስ ተሰክቶለት ሁለት ቀን ተኝቶ ተመለሰ። ምግቡ ጥሩ ነበር ብሏል።

አምስተኛ፣ ስለ ምስክር ወረቀቱ። ከቀጠሯችን በሦስተኛው ቀን፣ የሚቀጥለው ረቡዕ ሳይደርስ፣ እርስዎ ራስዎ መንደራችን ድረስ ወጥተው፣ ከተደወለላቸው ሰባ ሁለት ነዋሪዎች ሰባ አንዱ ማገገማቸውን አብሥረው፣ «ጤናማ ማኅበረሰብ፦ 98.6 በመቶ» የሚል ሰንደቅ በሁለት ባሕር ዛፎች መካከል አሰቀሉልን። የቀረው 1.4 በመቶ ከበበ ነው። ለእያንዳንዳችንም «ጤናዬ በእጄ» የሚል ካናቴራ ታደለን፤ ሀሚድ በጀሶው ምክንያት እጁን ማስገባት ስላልቻለ እስካሁን አልለበሰውም። ከዚያም የዳነ መንደር ድንኳን ስለማያስፈልገው ድንኳኑ በማግስቱ ተነቅሎ ወደ መሪ ሰፈር ሄደ። የመሪ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ሩሃማ «እንዴት ናችሁ?» ስትላቸው ስለ ውኃው፣ ስለ ደረጃው፣ ከላይ ስለሚኖረው ጎረቤት ጫማ ድምፅ ሳይቀር በዝርዝር ስለነገሯት፣ በክፍለ ከተማው በጽኑ የታመመ ሕዝብ ሆነው ተገኝተዋል። አንቀናባቸውም። አስተዳደጋቸው ነው።

ስማችሁን በሚመለከት ግን ሐሜት እንዲቀር ምስክርነቴን ልስጥ። «ለትርፍ ያልተቋቋመ» መባላችሁን የሚጠራጠሩ ጎረቤቶች አሉ። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ትርፍ ወንበር የላችሁም፣ ትርፍ አልጋ የላችሁም፣ ትርፍ ሐኪም የላችሁም፣ የካርድ ክፍሉም ልጅ ቀና ብሎ ሴትዮዋን የሚያይበት ትርፍ ደቂቃ አልነበረውም። ከዚህ የበለጠ ከትርፍ የጸዳ ድርጅት ከወዴት ይመጣል?

ጥፋቱ የእኛ መሆኑን ስላመንንም ራሳችንን ለማረም ተነሥተን ነበር። ባለፈው እሑድ እድራችን ሌላውን አጀንዳ ሁሉ ትቶ «አሞኛል» የማለት ልምምድ አደረገ። እኔ ሩሃማን ሆኜ፣ ባለቤቴ ራሷን ሆና፣ ሕዝቡ ዙሪያውን ተቀምጦ ጀመርን። «እናቴ፣ እንዴት ነዎት?» አልኳት። «ደህና ነኝ» አለች። ሕዝቡ ጮኸባት። ሁለተኛ ጠየቅኋት፤ አሰብ አድርጋ «ተመስገን» አለች። በሦስተኛው «ተመስገን፣ ታምሜያለሁ፤ አንቺስ?» ስትል ተጨበጨበላት። ከዚህ የተሻለ ውጤት ያመጣ ሰው አልነበረም።

ቤት ገብተን «ለምንድነው አንድ ጊዜ እንኳ የማትዪው?» ብዬ ተቆጣኋት። እሷም «ልጅቱ ቀኑን ሙሉ የሰው ሕመም ስትሰማ ትውላለች፤ እኔ ጋ ስትደውል እንኳ ትረፍ ብዬ ነዋ» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዴን ላቁም፤ እፈራለሁ። ከቤታችን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ሁለት መቶ አሥራ አራት እርምጃ ነው፤ ባለቤቴ እየቆጠረች ትሄዳለች። አንድ መቶ ስድሳኛው ላይ ለውኃ ቧንቧ የተቆፈረና ሳይደፈን የቀረ ጉድጓድ አለ። እጄን ያዢ ስላት እንቢ ትላለች፣ እኔ ግን ጫማዬን አውልቄ ድምፅ ሳላሰማ ከኋላዋ እከተላታለሁ። አንድ ቀን ሳትዞር «ገረሱ፣ ጫማህን አድርግ፣ እሾህ ይወጋሃል» አለችኝ። አርባ ሦስት ዓመት አብረን ኖረናል፤ አሁን መንገድ ላይ ስታገኘኝ አንዳንዴ ከበበ ትለኛለች። ከበበ ከእኔ መልከ መልካም ባይሆን ኖሮ ይህን ችዬ ባለፍኩት ነበር። ፊቴን ዳግመኛ እንድታየው እፈልጋለሁ፣ ብዙ የሚታይ ነገር ባይኖረውም።

ስለዚህ ለሕዝብ ያላችሁን ርኅራኄ በመተማመን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። የባለቤቴን ፋይል ክፈቱልኝ። ድንኳኑ በመሪ ይቆይ፣ ሰንደቁም ይሰቀል፣ ካናቴራውንም እንለብሳለን፤ ባለቤቴ ግን ታማለችና ከዳኑት ዝርዝር ውስጥ በአንዲት መስመር ሰርዛችሁ መልሱልኝ። አሐዛችሁ ወደ 97.2 በመቶ ዝቅ ስለሚል ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት፣ ከማይነጥፍ ምስጋና፣ እንዲሁም በእናንተ መዝገብ መሠረት ከተሟላ ጤንነት ጋር፣

ገረሱ
የቀድሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣
የዳነች ሚስት ባል

ግልባጭ፦
ለወይዘሪት ሩሃማ (ከወገቧ ጤንነት ጥያቄ ጋር)
ለአቶ ከበበ፣ የመንደሩ ብቸኛ ታማሚ
ለአቶ ሀሚድ ክንድ (ለሕዝብ እንዲነበብ)

ማስታወሻ፦ ሰንደቁን አሰቅለው ከመድረኩ ሲወርዱ እግርዎ ድንጋይ ላይ ታጥፎ መውደቅዎን ለማንም አልተናገርንም። አምስታችን ሮጠን «ዶክተር፣ ደህና ነዎት?» ስንልዎ አምስታችንንም «ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» አሉን። በእናንተ አሠራር መዝገብዎን ዘግተን ወደየቤታችን መግባት ነበረብን፤ እንዲያውም መበተን ጀምረን ነበር። ፊትዎን ማየት የማትችለው ሴት ናት «ይሄ ሰውዬ አሞታል፤ ድምፁን አትሰሙም?» ብላ የመለሰችን። አጠገብዎ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን ቀድዳ ምንም ሳትጠይቅ ቁርጭምጭሚትዎን ማሰር ጀመረች። ብዙም አልጠበቀችም፤ «አዎ እናቴ፣ በጣም አሞኛል» አሏት።