የእናትህ ፎቶ ኮምፒውተሩ ላይ ተመልሷል

ወንድሜ፣

ትናንት ኪቦርዱን ግንባርህ ላይ የሰበርኩት በግማሽ ጉልበቴ ነው። በሙሉው ቢሆን ዛሬ ለቀስተኛ ይሰበሰብ ነበር።

ያ አሮጌ ኮምፒውተርህ ሲነሳ የሚያሳየውን የሟች እናትህን ፎቶ አጥፍቼ የራሴን ፊት የተካሁት ለቀልድ ነበር። ሌላ ቅጂ እንዳልነበረህ የገባኝ ጉሮሮዬን አንቀህ ከግድግዳ ጋር ስታላትመኝ ነው።

ጠዋት እህትህ ዘንድ ሄጄ እሷ ጋ የቀረውን የታተመ ፎቶ ተቀበልኩና በስካነር አስገባሁት። ኮምፒውተርህ ምስሉን ወደ ጎን ስለሚለጥጥ አስቀድሜ ማጥበብ ነበረብኝ፤ ይህን የሚችል በዚህ አህጉር ከእኔ ሌላ የለም።

ትናንት በጠቡ የገነጠልከውን በር ሊጠግን አናጢው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል።
የቤቱ ቁልፌ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ከእንግዲህ አያስፈልገኝም።

ኮምፒውተሩን ስታበራ ብቻህን ሁን። እኔ ሳበራው ሳላስበው ከወንበሬ ብድግ ብዬ «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

ላንተ ግን አልልም።